ሁለት ሽቦና አንድ ምልክት፦ የኢንዱስትሪ መቆጣጠሪያ መሣሪያዎች የገቢ መስመር ታሪክ

የአንድ ፋብሪካ የመቆጣጠሪያ ሣጥን በር ሲከፈት ለዓይን ቶሎ የሚታየው በረድፍ የተደረደረ ተርሚናልና ወደርሱ የሚገባው የሽቦ ብዛት ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ከእነዚህ ሽቦዎች ገሚሶቹን «ዲጂታል»፣ ገሚሶቹን «አናሎግ» ብሎ ይለያቸዋል። የመጀመሪያዎቹ የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «አለ ወይስ የለም?» የሚለው ነው። በሩ ተዘግቷል ወይስ አልተዘጋም፤ ጠርሙሱ ደርሷል ወይስ አልደረሰም። ሁለተኛዎቹ ደግሞ «ምን ያህል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያመጣሉ። ሙቀቱ ስንት ዲግሪ፣ ግፊቱ ስንት ባር፣ የጋኑ ፈሳሽ ከፍታ ስንት ሜትር እንደሆነ ይናገራሉ። ዛሬ ይህ ሁሉ ከእጅ መዳፍ ብዙም በማይበልጥ ሞጁል ውስጥ በተቀመጠች አንዲት ማይክሮኮንትሮለር ይነበባል።

ለመሆኑ የዲጂታሉ መስመር ስለ ምን 24 ቮልት ሆነ? አናሎጉስ ከዜሮ መጀመር ሲችል ስለ ምን ከ4 ሚሊአምፔር ይጀምራል? የማቆሚያ አዝራር ሳይነካ ዝግ በሆነ ኮንታክት እንዲታሰር ያዘዘውስ ማን ነው? እነዚህ ቁጥሮችና ደንቦች በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ እንደ ተራ ነገር ይጠቀሳሉ እንጂ ከየት እንደመጡ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በገንዘብ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ በሰው ሕይወት የተገዙ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ልብ ይሏል።)

የነገሩ መነሻ ቴሌግራፍ ነው። በ1830ዎቹ ዓመታት የተፈለሰፈው ሪሌይ ከሩቅ ተዳክሞ የመጣውን ምልክት ተቀብሎ በአዲስ ባትሪ ኃይል ወደፊት እንዲያሳልፍ የታሰበ መሣሪያ ነበር። ምልክቱን የሚያመጣው ሰርኪዩትና ሥራውን የሚሠራው ሰርኪዩት በሽቦ ሳይነካኩ በማግኔት ብቻ መገናኘታቸው የሪሌይ ትልቁ ጥበብ ነው። ዛሬ በሞጁሎች ላይ ገቢውን ከውስጡ ሰርኪዩት የሚለየው አሠራር የዚሁ አሳብ ልጅ መሆኑን ወደ ኋላ እናየዋለን።

ከቴሌግራፍ ቀጥሎ ይኸው የሁለት ሽቦ ምልክት ወደ ማዕድን ማውጫዎች ወረደ። በብሪታንያ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች ውስጥ በመጓጓዣው መንገድ ዳር ሁለት ባዶ ሽቦዎች ጎን ለጎን ይዘረጉ ነበር። ሠራተኛው የትም ቦታ ቢሆን ሁለቱን ሽቦዎች በእጁ ጨብጦ፣ ወይም በያዘው ብረት ሲያገናኛቸው የሞተሩ ክፍል ደወል ይጮኻል። አዝራር የለም፤ ተርሚናል የለም፤ ሽቦው በሙሉ ርዝመቱ አዝራር ነው። ከአጠቃቀም ቀላልነት አንፃር ከዚህ የተሻለ ዲጂታል ገቢ እስከ ዛሬ አልተሠራም ማለት ይቻላል። ቮልቱ ከባትሪ የሚመጣና ዝቅተኛ ስለነበረ ማንንም አይጎዳም ተብሎ ይታመን ነበር።

ጥቅምት 14 ቀን 1913 በደቡብ ዌልስ ሴንግኼኒድ በተባለው ሥፍራ በዩኒቨርሳል ማዕድን ማውጫ ታላቅ ፍንዳታ ደረሰ። 439 የማዕድን ሠራተኞች አለቁ፤ ለማዳን ከገቡትም አንድ ሰው ሞተ። በብሪታንያ የማዕድን ታሪክ ውስጥ ከዚህ የከፋ አደጋ የለም። ሚቴኑን የለኮሰው ምን እንደሆነ በፍጹም እርግጠኝነት ሊታወቅ ባይችልም፣ በምርመራው ላይ በብርቱ ከተጠረጠሩት ነገሮች አንዱ የዚሁ የደወል ሽቦ ብልጭታ ነበር። ዝቅተኛ ነው የተባለው ቮልት እንዴት ጋዝ ሊያቀጣጥል ይችላል? መልሱን በአደጋው ማግሥት በነበሩት ዓመታት በጉዳዩ ላይ ምርምር ያደረጉት ዊለርና ቶርንተን የተባሉ ሊቃውንት ሰጡ። አደገኛው ባትሪው ሳይሆን የደወሉ ጥቅል ሽቦ ነው። በጥቅሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ በማግኔቱ መስክ ጉልበት ይጠራቀማል፤ ሁለቱ ሽቦዎች ሲለያዩ ያ ጉልበት መውጫ ሲያጣ በተለያዩበት ጫፍ ላይ በብልጭታ መልክ ይፈነዳል። በመሆኑም የአንድ ሰርኪዩት አደገኛነት በቮልቱ ብቻ የሚለካ ሳይሆን በውስጡ በሚጠራቀመው ጉልበት ጭምር የሚመዘን መሆኑ ታወቀ። ከዚህም የተነሣ በባሕርይው ጋዝ ሊለኩስ የማይችል ሰርኪዩት፣ ባለሙያዎች ኢንትሪንሲካሊ ሴፍ የሚሉት፣ የምሕንድስና ትምህርት ሆነ። ዛሬ በነዳጅ ማጣሪያና በጋዝ ማከማቻ የሚሠራ ብዙ ሴንሰር ወደ ሞጁሉ ከመድረሱ በፊት ቮልቱንና ከረንቱን በሚገድብ አጥር ውስጥ እንዲያልፍ የሚደረገው ከዚያ ጉድጓድ በወጣው ዕውቀት ነው።

ኤሌክትሪክ በዚህ ሁኔታ ሲጠረጠር የኬሚካልና የነዳጅ ኢንዱስትሪዎች ሌላ መንገድ ያዙ፤ ይኸውም የታመቀ አየር ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የፎክስቦሮ ኩባንያ ባለሙያ የነበረው ክሌሰን ሜሰን ባሻሻለው የአየር መቆጣጠሪያ መሣሪያ ምክንያት የአየር ምልክት በፋብሪካዎች ዘንድ ተስፋፋ። ሙቀትን ወይም ግፊትን የሚለካው መሣሪያ የለካውን መጠን በቀጭን ቱቦ ውስጥ ባለ የአየር ግፊት ይገልጻል። ሊለካ ከሚገባው ሁሉ ትንሹ 3 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች፣ ትልቁ ደግሞ 15 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች እንዲሆን በልማድ ተወሰነ። በሜትሪክ መለኪያ በሚሠሩት አገሮች ይኸው ከ0.2 እስከ 1 ባር ሆኗል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስተዋል ያስፈልጋል። ምልክቱ ከዜሮ መጀመር ሲችል ከ3 የሚጀምረው ያለ ምክንያት አይደለም። ቱቦው ቢቀደድ ወይም የአየር መጭመቂያው ቢቆም ግፊቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ዜሮ ግፊት «ጋኑ ባዶ ነው» የሚል ትርጉም ቢኖረው ኖሮ መሣሪያው የሞተውን ምልክት እንደ እውነተኛ ወሬ ተቀብሎ ጋኑን መሙላት ይቀጥል ነበር። ባዶው ጋን በ3 ፓውንድ ሲገለጽ ግን ዜሮ የራሱ የሆነ ሌላ ትርጉም ያገኛል፤ መስመሩ ሞቷል ማለት ነው። ባለሙያዎች ይህን «ሕያው ዜሮ» ይሉታል። በመላው የኢንዱስትሪ ልኬት ታሪክ ውስጥ በቀላልነቱና በጠቃሚነቱ ይህን የሚስተካከል አሳብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ይሁን እንጂ አየር ዘገምተኛ መልእክተኛ ነው። ጥቂት መቶ ሜትር በሆነ ቱቦ ላይ ምልክቱ በሰከንዶች ይዘገያል፤ እርጥበትና ዘይት ቱቦውን ይደፍናሉ፤ በብርድ አገር ደግሞ በውስጡ ያለው ውኃ ይቀዘቅዛል። ፋብሪካዎች እየሰፉ፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሎችም ከማሽኖቹ እየራቁ ሲሄዱ ወደ ኤሌክትሪክ መመለስ ግድ ሆነ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት እያንዳንዱ ኩባንያ በየራሱ ልክ ይሠራ ነበር። ከ10 እስከ 50 ሚሊአምፔር የሚጠቀሙ ነበሩ፤ በማግኔት ማጉያ የሚሠሩት የዘመኑ ትራንስሚተሮች ከ10 ሚሊአምፔር በታች በሕይወት ለመቆየት ይቸግራቸው ነበርና። ትራንዚስተር ሲመጣ ይህ ችግር ቃለለ፤ 4 ሚሊአምፔር ለትራንስሚተሩ ቀለብ በቂ ሆነ። በመጨረሻም የአሜሪካ የመለኪያ መሣሪያዎች ማኅበር በ1975 ባወጣው ኤስ 50.1 የተባለ ደረጃ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር ያለው ምልክት ጸና።

ከ3 እስከ 15፣ ከ10 እስከ 50፣ ከ4 እስከ 20፤ በሦስቱም ትልቁ የትንሹ 5 እጥፍ ነው። የአየሩ ቱቦ ቢጣልም ስሌቱን ለሽቦው አውርሶት ሄዷል። በ250 ኦም ረዚስተር ውስጥ ሲያልፍም የከረንቱ ምልክት ከ1 እስከ 5 ቮልት ይሆናል፤ ያው አንድ ለአምስት ነው።

ቮልት እያለ ከረንት የተመረጠበት ምክንያት ለጀማሪ ባለሙያ ወዲያው አይታየውም። ምልክቱ በቮልት ቢላክ የሽቦው ረዚስታንስ ከላዩ ላይ ድርሻውን እየወሰደ ይቀንሰዋል፤ በመንገድ ላይ ያለ የላላ ተርሚናልም ልኬቱን ያዛባዋል። ከረንት ግን በአንድ ቀለበት ውስጥ በየትኛውም ነጥብ ላይ እኩል ነው። ትራንስሚተሩ 12 ሚሊአምፔር ካዘዘ ሽቦው ቢረዝምም ቢያጥርም፣ መዳቡ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም፣ የኃይል ምንጩ አቅም እስከ ፈቀደ ድረስ ወደ ሞጁሉ የሚደርሰው 12 ሚሊአምፔር ነው። አቅሙ የት ድረስ እንደሚፈቅድ በቀላሉ ማስላት ይቻላል። ኃይል ሰጪው 24 ቮልት ቢሆንና ትራንስሚተሩ ለራሱ 12 ቮልት ቢፈልግ 12 ቮልት ይተርፋል። ይህ በ20 ሚሊአምፔር ሲካፈል 600 ኦም ይሆናል። ከዚህ ላይ የሞጁሉ 250 ኦም ሲቀነስ 350 ኦም ለሽቦው ይቀራል። 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በኪሎ ሜትር ወደ 12 ኦም ገደማ አለው፤ ደርሶ መልስ 24 ኦም መሆኑ ነው። ስለዚህ ትራንስሚተሩ ከሞጁሉ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቢቀመጥም ልኬቱ አይዛነፍም ማለት ነው። ለማንኛውም ፋብሪካ ከበቂ በላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የተደነቀው ግን ኃይልና ምልክት በእነዚያው ሁለት ሽቦዎች መጓዛቸው ነው። ትራንስሚተሩ ከ4 ሚሊአምፔሩ ይኖራል፤ ከዚያ በላይ ባለው ይናገራል። ሕያው ዜሮም ከነሙሉ ትርጉሙ ተጠበቀ፤ ሽቦ ሲበጠስ ከረንቱ ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮም ልኬት አይደለም። በ1990ዎቹ ደግሞ ናሙር የተባለው የጀርመን የኬሚካል ኢንዱስትሪዎች የመለኪያ ባለሙያዎች ማኅበር ከ3.6 ሚሊአምፔር በታችና ከ21 ሚሊአምፔር በላይ ያለውን ለብልሽት ማስታወቂያ ብቻ እንዲውል አሳሰበ። ከዚያ ወዲህ ትራንስሚተሩ የራሱን መታመም ራሱ መናገር ቻለ።

ወደ ዲጂታሉ እንመለስ። በአሜሪካ የመኪና ፋብሪካዎች እስከ 1960ዎቹ ማብቂያ ድረስ የማሽኖችን ቅደም ተከተል የሚወስኑት ግድግዳ የሚሞሉ የሪሌይ ሣጥኖች ነበሩ። የመኪናው ሞዴል በተለወጠ ቁጥር ሣጥኖቹ ይፈርሳሉ፣ ሽቦው እንደገና ይታሰራል፤ ይህም ለሳምንታት ሥራ ያስፈታ ነበር። በ1968 የጄኔራል ሞተርስ የሃይድራማቲክ ክፍል በሪሌይ ፋንታ የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እንዲቀርብለት ዝርዝር መግለጫ አወጣ። በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር የነበረው ቤድፎርድ አሶሺየትስ፣ ዲክ ሞርሊን የመሰሉ መሐንዲሶች ይዞ፣ ለዚሁ መልስ የሚሆን መሣሪያ ሠራ። የድርጅቱ 84ኛ ሥራ ስለነበረ 084 ተባለ፤ በ1969ም ወደ ፋብሪካ ገባ። ሞዲኮን የተባለው ኩባንያም ከዚሁ ተወለደ።

በታሪኩ ላይ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያደንቁት የመሣሪያውን ፕሮግራም ነው። ነገር ግን ከመግለጫው ውስጥ ለገቢ መስመር ታሪክ የሚበልጠው አንድ ግዴታ ነበር፤ መሣሪያው 115 ቮልት ተለዋጭ ከረንት በቀጥታ እንዲቀበል ተጠየቀ። በፋብሪካው ውስጥ የነበሩት አዝራሮችና የገደብ ማብሪያዎች ሁሉ በዚያ ቮልት የሚሠሩ ስለነበሩ እነርሱን መለወጥ አይታሰብም። እንግዲህ በ5 ቮልት የሚያስብ ኤሌክትሮኒክ አንጎል ከ115 ቮልት ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ ተስማምቶ መኖር ነበረበት። ኮምፒዩተር ወደ ፋብሪካ እንዳይገባ የከለከለውም የማሰብ ችሎታ ማነስ አልነበረም፤ የሞተር ማስነሻ በተከፈተ ቁጥር በሽቦዎቹ ላይ የሚወጣው የቮልት ማዕበል ነበር እንጂ።

ይህን የፈታው በብርሃን የሚሠራ ሪሌይ ነው። በ1961 የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ባልደረቦች ቢያርድና ፒትማን ጋልየም አርሴናይድ የተባለው ማዕድን ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን እንደሚሰጥ አረጋገጡ። ይህ ብርሃን ሰጪ ከብርሃን ተቀባይ ትራንዚስተር ጋር በአንድ ጥቁር ቅርፊት ውስጥ ሲዘጋ ኦፕቶካፕለር ይባላል። ከውጭ የመጣው ምልክት ብርሃኑን ያበራል፤ በውስጥ በኩል ያለው ትራንዚስተር ብርሃኑን ያያል፤ በመካከላቸው ግን አንዳች ሽቦ የለም። ሪሌይ በማግኔት ያደረገውን ይህ በብርሃን አደረገው። ጣቱን የሚያረጅ ኮንታክት የለውም፤ በሺህ የሚቆጠር ቮልት በመካከሉ መቋቋም ይችላል።

በአውሮፓ በኩል ለሰው እጅ አደጋ የማያመጣው 24 ቮልት ቀጥተኛ ከረንት እየተለመደ ሄደ። አይ.ኢ.ሲ. የተባለው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በ1992 ባወጣው 1131-2 በተባለ ደረጃ ለዚህ ገቢ ወሰን አበጀለት። ከ15 ቮልት በላይ ያለው «አለ»፣ ከ5 ቮልት በታች ያለው «የለም» ተብሎ ይነበባል፤ በመካከል ያለው ባዶ ሜዳ ነው። ይህ ሰፊ ሜዳ የተተወው በረጅም ሽቦ ላይ የሚሳብ የጎረቤት ሽቦ ተጽዕኖ ቮልቱን ጥቂት ከፍ ዝቅ ቢያደርገው ሞጁሉ እንዳይታለል ነው። ደረጃው ቮልትን ብቻ ሳይሆን ከረንትንም ይጠይቃል፤ ምልክቱ «አለ» ሲል ቢያንስ 2 ሚሊአምፔር መሸከም አለበት። ምክንያቱም ደካማ ማዕበል ቮልት ሊያሳይ ይችላል፤ ከረንት ለመንዳት ግን ጉልበት ያንሰዋል።

በዚህ መካከል ሁለት ትምህርት ቤቶች ተፈጥረው ነበር። የአውሮፓ ሴንሰር ሠሪዎች በአመዛኙ ፒ.ኤን.ፒ. የሚባለውን፣ ይኸውም ፕላሱን ወደ ሞጁሉ የሚልከውን ዓይነት መረጡ፤ የጃፓን ሠሪዎች ደግሞ ኤን.ፒ.ኤን.፣ ማለትም ከሞጁሉ የሚመጣውን ወደ ማይነስ የሚስበውን አዘወተሩ። ልዩነቱ የልማድ ብቻ መስሎ ይታያል፤ ግን አይደለም። ማይነሱ ከመሬት ጋር በተያያዘበት ሣጥን ውስጥ የኤን.ፒ.ኤን. ሴንሰር ሽቦ ልጡ ተልጦ የማሽኑን አካል ቢነካ ሞጁሉ «ምልክት አለ» ብሎ ያነባል፤ ማንም ሳይነካው ማሽኑ ሊነሣ ይችላል። የፒ.ኤን.ፒ. ሽቦ ተመሳሳይ ነገር ቢገጥመው ግን ምልክቱ ይጠፋል፣ ወይም ፊውዙ ይቃጠላል፤ ማሽኑም ይቆማል። የማቆሚያ አዝራር ሳይነካ ዝግ በሆነ ኮንታክት የሚታሰረውም በዚሁ አስተሳሰብ ነው። ሽቦው ቢበጠስ አዝራሩ እንደ ተነካ ይቆጠራል።

በነገራችን ላይ በ1958 በጀርመን ፔፐርልና ጌል የሠሩት ብረት ሲቀርበው ሳይነካ የሚያውቅ ማብሪያ ለቢ.ኤ.ኤስ.ኤፍ. የኬሚካል ፋብሪካ የታሰበ ነበር። ከዚያ የተነሣው የናሙር ሴንሰር ዲጂታልና አናሎግን ያስማማ ፍጡር ነው። ሥራው «አለ» እና «የለም» ማለት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ የሚናገረው በከረንት መጠን ነው፤ ከ1.2 ሚሊአምፔር በታች አንዱን፣ ከ2.1 በላይ ሌላውን ይላል። «የለም» በሚልበትም ጊዜ ጥቂት ከረንት ስለሚያሳልፍ ሽቦው ሲበጠስ ወይም ሁለቱ ሲነካኩ ወዲያው ይታወቃል። ሕያው ዜሮ ወደ ዲጂታሉ ዓለም የገባበት በር ይህ ነው፤ ተገቢውን ያህል አለመስፋፋቱ ያሳዝናል።

ይሁንና ሽቦው የቱንም ያህል በትክክል ቢታሰር፣ ከወዲያኛው ጫፍ ምን እንደታሰረ ካልተጠየቀ ዋጋ የለውም። ለዚህ ከሚጠቀሱት ሁሉ የሚበልጠው በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ክፍለ ሀገር በስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ መጋቢት 28 ቀን 1979 የደረሰው ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ የውኃ ፓምፖች ቆሙ፤ የግፊት ማቃለያው ቫልቭም እንደታሰበው ተከፈተ። ግፊቱ ሲወርድ ግን መዘጋት ሲገባው ሳይዘጋ ተነክሶ ቀረ። በመቆጣጠሪያው ክፍል ያለው መብራት ጠፋ፤ ሠራተኞቹም ቫልቩ ተዘግቷል ብለው አመኑ። መብራቱ የተያያዘው ከቫልቩ ጋር አልነበረም፤ ቫልቩን ከሚያዝዘው ሶሌኖይድ ኃይል ጋር ነበር። የተናገረው «ዝጋ ተብሏል» እንጂ «ተዘግቷል» አልነበረም። ሌላ ሠራተኛ ነገሩን ጠርጥሮ ከበስተኋላ ያለውን ቫልቭ እስኪያዘጋ ድረስ ከ2 ሰዓት በላይ የማቀዝቀዣው ውኃ ሲፈስ ቆየ፤ ከሬአክተሩ እምብርት ግማሹ ያህል ቀለጠ። በቫልቩ ዘንግ ላይ የገደብ ማብሪያና ሁለት ሽቦ ቢኖር ኖሮ ያ መብራት እውነቱን ይናገር ነበር።

በማይክሮኮንትሮለሩ በኩል ለውጡ ፈጣን ነበር። ኢንቴል በ1976 8048ን፣ በ1980 ደግሞ 8051ን አወጣ፤ አስቢው፣ ማስታወሻውና ገቢ ወጪው በአንዲት ቺፕ ላይ ተሰበሰቡ። አናሎጉን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ክፍልም ከጊዜ በኋላ በዚያችው ቺፕ ላይ ተጨመረ። ይህም ቀድሞ በትልቅ ሣጥን ይሠራ የነበረውን ሥራ በአነስተኛ ሞጁል ለመሥራት አስቻለ፤ ዋጋውም ወረደ።

ነገር ግን ቺፗ በረቀቀች መጠን ከፋብሪካው እየራቀች ሄደች። የ1969ኙ መሣሪያ አንጎል በ5 ቮልት ያስብ ነበር፤ የዛሬዋ ማይክሮኮንትሮለር በ3.3 ቮልት ታስባለች፤ ፋብሪካው ግን ያው 24 ቮልት ላይ ነው። በእግሯ ላይ 24 ቮልት በቀጥታ ቢደርስባት ያንጊዜውኑ ትሞታለች። በሞጁሉ ላይ የሚታዩት ትንንሽ ረዚስተሮች፣ ዲዮዶች፣ ካፓሲተሮችና ጥቁር ኦፕቶካፕለሮች ሁሉ በእነዚህ ሁለት ዓለሞች መካከል የቆሙ አስታራቂዎች ናቸው። አንድ ሞጁል «የኢንዱስትሪ» የሚለውን ስም የሚያገኘው በቺፗ ሳይሆን በእነዚህ ነው፤ ርካሽ ሞጁሎች ዋጋቸውን የሚቀንሱትም በአብዛኛው ከዚሁ ላይ ነው።

የአናሎጉን ገቢ ብንወስድ፣ ልኬቱን ወደ 4096 ደረጃ የምትከፍል ባለ 12 ቢት ቺፕ ከ0 እስከ 3.3 ቮልት ታነባለች እንበል። ብዙ ሰው 20 ሚሊአምፔር ልክ 3.3 ቮልት እንዲሆን 165 ኦም ረዚስተር ይመርጣል፤ ከደረጃዎቹ አንድም እንዳይባክን በማሰብ። ይህ ቁጠባ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ትራንስሚተሩ ታምሜአለሁ ለማለት 21 ሚሊአምፔር ቢልክ ቺፗ ከላይኛው ጫፍ ስላለፈባት ያንን ከ20 ለይታ ማወቅ አትችልም። ረዚስተሩ 150 ኦም ቢሆን 20 ሚሊአምፔር 3.0 ቮልት፣ 21 ደግሞ 3.15 ቮልት ይሆናል፤ ሁለቱም ይነበባሉ። 4 ሚሊአምፔርም 0.6 ቮልት፣ ማለትም 745ኛው ደረጃ ላይ ይውላል። ከደረጃዎቹ ጥቂት ቢጎድሉ ማንም አያስተውለውም፤ የጠፋ የብልሽት ምልክት ግን አንድ ቀን መጠየቁ አይቀርም።

ይህ ስለ መጠየቅ የተባለው በታኅሣሥ 11 ቀን 2005 በእንግሊዝ አገር በሄርትፎርድሺር በሚገኘው የባንስፊልድ የነዳጅ ማከማቻ ላይ በግልጽ ታይቷል። 912 የተባለው ጋን ሁለት ጠባቂዎች ነበሩት፤ አንዱ የቤንዚኑን ከፍታ ያለማቋረጥ የሚለካ አናሎግ መለኪያ፣ ሁለተኛው ከመጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ መሙያውን የሚያቆም ዲጂታል ማብሪያ። ከምሽት ጀምሮ ቤንዚን ወደ ጋኑ ይገባ ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ገደማ መለኪያው ባለበት ደርቆ ቀረ። ሽቦው አልተበጠሰም፤ ምልክቱ በተፈቀደው ወሰን ውስጥ ነበር፤ ሕያው ዜሮም ሊረዳ አልቻለም፤ መሣሪያው በሕይወት ያለ እየመሰለ የቆየ ወሬ ይናገር ነበርና። ጋኑ እየሞላ ሳለ በመቆጣጠሪያው ክፍል የሚታየው ቁጥር ግን አልተንቀሳቀሰም። ይኸው መለኪያ ከነሐሴ መጨረሻ ወዲህ 14 ጊዜ እንደዚሁ ደርቆ እንደነበር በኋላ ታወቀ።

ሁለተኛው ጠባቂም አልሠራም። ማብሪያው መሥራቱን ለመፈተን የተበጀለት አንድ እጀታ ነበረው፤ እጀታው በትክክለኛው ሥፍራ ጸንቶ እንዲቆይ ጓጉንቸር ሊገባበት ይገባ ነበር። ገጣጣሚዎቹ ጓጉንቸሩ ለሥራው አስፈላጊ መሆኑን ሳይረዱ ስለቀሩ አልተደረገም፤ እጀታውም ከሥፍራው ወርዶ ማብሪያው ሙት ሆነ። ንጋት ላይ ጋኑ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ከ250,000 ሊትር በላይ ቤንዚን ወጣ፤ ልክ 12 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ላይ ፈነዳ። 43 ሰዎች ቆሰሉ፤ ዕለቱ እሑድ ስለነበረ በአካባቢው ባሉት መሥሪያ ቤቶች ሰው አልነበረምና የሞተ አልተገኘም። እሳቱ ለቀናት ነደደ።

ከዚያ በኋላ በጋኖች አካባቢ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሁለት ነገሮችን በፕሮግራም ውስጥ ማስገባት ለመዱ። አንደኛው ጋን እየተሞላ ሳለ የማይንቀሳቀስን ልኬት እንደ ብልሽት መቁጠር ነው፤ ይህን ለማድረግ ማይክሮኮንትሮለሯ ጥቂት መስመር ፕሮግራም ብቻ ያስፈልጋታል። ሁለተኛው ማብሪያውን ከተርሚናሉ ላይ ሽቦ በማገናኘት ሳይሆን ከወዲያኛው ጫፍ፣ እውነተኛውን ነገር በማድረስ መፈተን ነው። ሙቀት ከሆነ በሙቀት፣ ከፍታ ከሆነ በፈሳሽ።

በዚህ ረገድ በአዲስ አበባ የሚሠራ ቴክኒሺያን ልብ ሊለው የሚገባ ጉዳይ አለ። 100 ኦም የሆነውን የፕላቲኒየም ሙቀት መለኪያ በፈላ ውኃ ውስጥ ነክሮ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም 138.5 ኦም የሚጠብቅ ከሆነ አያገኝም። በከተማይቱ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ስለሆነ መለኪያው 135 ተኩል ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ትክክሉም ይኸው ነው። በሁለት ሽቦ ብቻ ከታሰረና ሽቦው ደርሶ መልስ 3 ኦም ካለው ግን ሞጁሉ 100 ዲግሪ ሊያሳይ ይችላል። አንድ ዲግሪ 0.385 ኦም ያህል ብቻ ስለሆነ 3 ኦም ወደ 8 ዲግሪ ይጠጋልና። የሽቦው ስሕተት የከፍታውን ልዩነት ደብቆ የተሳሳተውን መሣሪያ ትክክለኛ ያስመስለዋል። ሦስተኛውን ሽቦ ጨምሮ የሽቦውን ረዚስታንስ ከልኬቱ ላይ ማስቀነስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ በአብዛኞቹ ሞጁሎች ላይ ለዚህ የሚሆነው ተርሚናል ከሁለቱ አጠገብ ተበጅቶ ይገኛል።